የአያቴ ድምፅና የታመመው ስልክ

የዚህች መጽሔት አዘጋጆች «በሳይንስ ነገር ላይ የሚጽፍ ሰው አነሰን፤ እስቲ አንተም አንድ ነገር ሞክር» ባሉኝ ጊዜ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ በፊዚክስ ያገኘሁትን ውጤት ዛሬም ቢሆን ደፍሬ ለሰው አልናገርም። የአምስት ኪሎ ልጆች ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ የሚያርሙት እንደማያጡ አውቃለሁ፤ ያርሙ። ነገር ግን የጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ቺፕ የቤታችንን ትልቅ ነገር ይዛብኝ ስለ ነበረ፣ ከፈተና ማስታወሻዬ ይልቅ ስለ እርስዋ ብዙ ጠይቄአለሁ። የሆነውን እንደ ሆነ ልጻፈው።

አያቴን ሁላችንም «እምዬ» እንላት ነበር። ተወልዳ ያደገችውም የሞተችውም በእብናት ወረዳ ነው። እብናትን የማያውቅ ሰው ስሙን ሰምቶ ከሆነ የሰማው በአብዛኛው ከድርቅና ከ1977 ዓ.ም. ጋር ነው። በዚያ ዓመት እርዳታ የሚታደልበት ትልቅ መጠለያ እዚያ ነበረ። ከቅርብም ከሩቅም እህሉ ያለቀበት፣ ከብቱ የሞተበት ሕዝብ በአሥር ሺዎች ሆኖ ገባበት። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ግን የመንግሥት ሰዎች መጥተው ሕዝቡን «ወደየቀያችሁ ግቡ» ብለው አስወጡት፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ነገሩ ያን ጊዜ በውጭ አገር ጋዜጦች ወጥቶ ብዙ አነጋግሯል። እኛ ቤት ግን የሚታወቀው በጋዜጣ አልነበረም። እምዬ ሦስት ልጆች ይዛ ወደ መጠለያው ገብታ ሁለት ይዛ ወደ ቀዬዋ ተመለሰች። ከተመለሱት አንደኛዋ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ የነበረችው እናቴ ናት። የቀረው ደግሞ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው።

የት እንደ ቀረ እምዬ ተናግራ አታውቅም። እናቴ በልጅነቷ በጠየቀች ቁጥር «ተይኝ እስቲ» እየተባለች አደገች፤ በኋላም መጠየቁን ተወችው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ግን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ አገሬ በገባሁ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲዘንብ እምዬ ጠራችኝ።

«አንተ ታሪክ ትማራለህ አሉ።»

«አዎን፣ እምዬ።»

«እንግዲያ ና ተቀመጥ። እዚያች ዕቃህ ላይ አድርገው፤ ሁለተኛ አልናገረውም።»

«ዕቃህ» ያለችው ስልኬን ነው። ስልኩ አጎቴ ተገልግሎበት ለእኔ የተወልኝ አሮጌ ነበር። ድምፅ መቅጃውን ከፍቼ በተደፋ ሙቀጫ ላይ አስቀመጥሁት። እርስዋ 41 ደቂቃ ያህል ተናገረች። እኔ ግን፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገርና፣ አላዳመጥኋትም ማለት ይቀላል። ዓይኔ ባትሪው ላይ ነበር። ሠላሳ በመቶ፣ ሃያ ሰባት በመቶ እያልሁ እቆጥራለሁ። አሁን ካልቀዳሁ መቼም አይገኝም ብዬ ስለ ፈራሁ መቅዳቱን እንጂ መስማቱን አላሰብሁትም። ደግሞስ ምን አስቸኮለኝ? ተቀድቷል፤ በኋላ አዳምጠዋለሁ።

ያ «በኋላ» የተማሪ በኋላ ሆነ። ወደ ሜሞሪ ካርድ ነገ እገለብጠዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እጽፈዋለሁ እያልሁ መንፈቅ አለፈ። በጥር 2015 ዓ.ም. እምዬ ዐረፈች። ለአርባዋ ስገባ እናቴ ከለቅሶው ድካም በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ «እስቲ ድምፅዋን አሰማኝ» አለችኝ። ስልኩን ከፈትሁት። ስሙን የሚያሳየው ሎጎ መጣ፤ ጠፋ። ተመልሶ መጣ፤ ጠፋ። እስኪመሽ ድረስ እንዲሁ ሲበራና ሲጠፋ ዋለ። እናቴ ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ መጀመሪያ ወደ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ወሰድሁት። ሰውየው ገና እንዳየው «ሶፍትዌር ነው፤ ፍላሽ እናደርገዋለን፤ በግማሽ ሰዓት አዲስ ይሆንልሃል» አለኝ። «ውስጡ ያለውስ?» ብለው «እሱማ ይጠፋል!» አለና ሳቀ። አዲስ ስልክ ከማይፈልግ ደንበኛ ጋር የተገናኘ አይመስለኝም። ስልኬን ይዤ ወጣሁ። በዚያ ቀን እሺ ብለው ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር፤ ስልኩ ግን ዛሬም በሠራ።

በፋሲካ ዕረፍት ከእብናት ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወጣሁ። አንድ የሰፈራችን ልጅ «እዚያ አንድ ጠጋኝ አለ፤ ትዕግሥት ያለው ነው» ስላለኝ ነው። ቤቱ ሰው ከገባበት በሩ የማይዘጋ ዓይነት ጠባብ ነው። ጠጋኙ በዕድሜ ከእኔ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ስልኩን ሰጥቼ ነገሩን ሁሉ፣ የእምዬንም ጭምር፣ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ «አገሩ ጋፋት ላይ መድፍ አቅልጦ የለም እንዴ? አንድ ስልክ ያቅተናል? አይዞህ» አለኝ። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት ለደብረ ታቦር ቅርብ ስለ ሆነ በዚያ ከተማ ይህን የማይጠቅስ ባለሙያ የለም። እኔ ግን ያን ቀን ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

እንግዲህ ጠጋኙ የነገረኝንና በኋላም አንብቤ ያረጋገጥሁትን በአጭሩ ላስረዳ።

በስልክ ውስጥ ፎቶውንም ድምፁንም የሚይዘው ቺፕ ፍላሽ ሜሞሪ ይባላል። የፈለሰፈው ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ በቶሺባ ኩባንያ ሲሠራ በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ነው። ዛሬ በየስልኩና በየሜሞሪ ካርዱ ያለው ዓይነት በ1987 ተገለጠ። ሥራው ሲታሰብ የሚገርም ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ በማያስተላልፍ ስስ ግድግዳ የተከበበች ትንሽ ጎተራ ናት። በጎተራዋ ውስጥ ኤሌክትሪክ ታጉሮ ይቀመጣል፤ መኖሩና አለመኖሩ ፊደል ይሆናል። መብራት ቢጠፋም፣ ባትሪው ቢወጣም ታጉሮ ይቆያል። ነገር ግን በተጻፈና በተፋቀ ቁጥር ያ ስስ ግድግዳ ይጎዳል። እንደ ዓይነቱ ከጥቂት መቶ ወይም ከጥቂት ሺህ ጊዜ በኋላ፣ በጥሩዎቹ ደግሞ ከመቶ ሺህ ጊዜ በኋላ፣ ጎተራዋ ማፍሰስ ትጀምራለች። ሌላም ጠባይ አለው፤ አንድ ፊደል ብቻ መርጦ መፋቅ አይቻልም፤ መፋቅ ካስፈለገ ብሎክ የሚሉት ሙሉ ክፍል በአንድ ጊዜ ይፋቃል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ይህ ነው። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣም ጤነኛ አይደለም። እኔ አዲስ ነገር ሁሉ እንከን የለበትም ብዬ አምን ነበር። በ1024 ብሎኮች የተከፈለ አንድ የታወቀ ዓይነት ቺፕ ሲሸጥ ቢያንስ 1004ቱ ደህና ናቸው ተብሎ ነው፤ የቀሩት እስከ 20 ያህሉ ከመጀመሪያው የማይረቡ ሊሆኑ እንደሚችሉ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እንከን የሌለበት ይሁን ቢባል ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ መርምሮ በታመሙት ብሎኮች ጠርዝ ላይ ምልክት ያደርግና ይሸጠዋል። ገዢውም ምልክቱን እየተመለከተ የታመሙትን በመዝገብ ይይዛል፤ ሲጽፍም እየዘለለ ይጽፋል። ምልክቱን ሳያዩ ቺፑን ከዳር እስከ ዳር የፋቀ ሰው ግን ከዚያ በኋላ የታመመውን ከጤነኛው ለይቶ ለማወቅ ይቸግረዋል፤ አንዳንዱ የታመመ ብሎክ ሲፈትኑት ደህና መስሎ ይመልሳልና።

የመጀመሪያው ብሎክ ብቻ ደህና ነው ተብሎ ዋስትና ይሰጥበታል። ለምን ቢሉ ስልኩ የሚነሣው ከዚያ ስለ ሆነ ነው። ስልክ እንደ ሰው በአንድ ጊዜ አይነቃም። በማሠሪያው አንጎል ውስጥ ፋብሪካው የቀረጸው፣ ማንም የማይለውጠው አንድ እጅግ ትንሽ ፕሮግራም አለ። እርሱ ተነሥቶ ሁለተኛውን ከፍላሹ መጀመሪያ አንብቦ ይቀሰቅሳል፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን፤ እንዲህ እየተቀሳቀሱ ዋናው ሥርዓት ይነሣል። ባለሙያዎቹ ቡትሎደር ይሉታል፤ እኔ ቀስቃሽ እለዋለሁ። እንግዲህ የቺፑን ሕመም የሚሸፍነው ይህ ቀስቃሽ ነው። የታመሙትን መዝገብ እርሱ ያያል፤ የትኛውን ዘልሎ የትኛውን እንደሚያነብ ያውቃል፤ የተሳሳተ ፊደል ሲያገኝም ከአጠገቡ በተቀመጠው የማረሚያ ቁጥር አስልቶ ያቃናዋል። እኛ የምናየው ሎጎ ብቻ ነው።

ይህ ብልሃት እስከ ምን እንደሚደርስ በኋላ ያነበብሁትን አንድ ታሪክ ላንሣ። በ2005 ዓ.ም. ጋላክሲ ኤስ 3 የተባለው የሳምሰንግ ስልክ በብዙ አገር በድንገት ይሞት ጀመር። በአዲሶቹ ስልኮች ፍላሹ የታመሙትን መዝገብ በራሱ ሆድ ውስጥ የሚይዝ የራሱ ትንሽ አንጎል አለው፤ ስሕተቱ የነበረው በዚያ አንጎል ፕሮግራም ውስጥ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ስልክ ተሽጦ ካለቀ በኋላ ቺፕ እየፈቱ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ኩባንያው ስልኩ በተከፈተ ቁጥር በአነሣሡ ላይ ማረሚያ ወደ ቺፑ ጊዜያዊ ማስታወሻ የሚያስገባ ሶፍትዌር ላከ። ስልኩ ሲጠፋ ማረሚያው ይጠፋል፤ ሲበራ እንደ ገና ይሰጠዋል። ሕመሙ አልተፈወሰም፤ በየጧቱ መድኃኒት ይወስዳል ማለት ነው። ኦራን አቭራሃም የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ቺፕ መርምሮ፣ የሞቱ ስልኮችን እንዴት እንዳስነሣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ አስረድቷል።

ወደ ደብረ ታቦር ልመለስ። ጠጋኙ ስልኬን አይቶ እንዲህ አለኝ፤ «መጀመሪያ የሚያነበው ቦታ ደህና ነው፤ ሎጎውን ያሳየህ እሱ ነው። ቀጥሎ የሚያነበው ቦታ ግን ተበልቷል። እዚያ ሲደርስ ይወድቃል፤ እንደ ገና ይነሣል፤ ይወድቃል። እኛ እዚያ እንዲደርስ አንፈቅድለትም።»

ከዚያም ባትሪውን አወጣና መለሰው፣ የድምፅ መጨመሪያውን ተጭኖ ይዞ ኬብሉን ከላፕቶፑ ጋር ሰካው። ስክሪኑ ጥቁር እንደ ሆነ ቀረ፤ ላፕቶፑ ግን ጭር ባለው ቤት ውስጥ ቲንግ ብሎ ጮኸ። ያ ድምፅ ማለት ያ ማንም የማይለውጠው የመጀመሪያው ትንሽ ቀስቃሽ ነቅቷል፣ ሁለተኛውን ከመጥራቱ በፊት የእኛን ቃል እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ጠጋኙ በኬብሉ በኩል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ላከለት። ፕሮግራሙ የገባው ቺፑ ላይ ሳይሆን ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ማስታወሻ ላይ ነው። «ቺፑ ላይ አንዲት ፊደል አንጽፍም። ማንበብ ብቻ» አለኝ። ስልኩ አሮጌ መሆኑም ጠቀመኝ። በአዲሶቹ ስልኮች ውስጥ ያለው ነገር በቁልፍ የተመሰጠረ ስለ ሆነ እንዲህ ቢነበብም ትርጉም አይሰጥም። በእኔ ስልክ ግን ግልጥ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ድህነት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ውለታ ይውላል።

ንባቡ ሁለት ቀን ፈጀ። በላፕቶፑ ላይ አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሄዳለች። መጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ። ሲመሽም ሻማ አብርተን ተቀመጥን። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መስመሯ ቆመች። ኬብሉን ነቅሎ፣ ስልኩን አሳርፎ፣ ቀስቃሹን እንደ ገና ቀስቅሶ ከዚያው ጀመረ። ያው ቦታ ላይ ቆመች። ሦስተኛ ጊዜ ቆመች። «እሺ፤ እዚህ ነው ሕመሙ» አለና፣ ከሕመሙ ማዶ ካለው ቦታ አስጀመረው፤ መስመሯ ሄደች። በማግስቱ ከፊትም ከኋላም ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ እያነበበ የታመመውን ቦታ ሲያጠብ ዋለ። ከአንድ ሜጋባይት ጀምሮ በመጨረሻ 128 ኪሎባይት ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ። እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ የማደርገው ነገር ስለሌለ ሻይ አመላልሳለሁ። ሌሎች ደንበኞች እየመጡ ቻርጀር ይገዛሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሄዳሉ። ከእነርሱ አንዱም ያች መስመር ምን ተሸክማ እንደምትሄድ አያውቅም። በመጨረሻው የጠየቀኝ ዋጋ አዲስ አበባ ፎርማት ለማድረግ ከተጠየቅሁት ብዙም አይበልጥም።

ፋይሉ ተገኘ። ጠጋኙ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኝና ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ መለሰ። የእምዬ ድምፅ መጣ። ከኋላው ዝናቡ ጣራውን ሲመታ ይሰማል። ያን ዕለት ያልሰማሁትን በሦስት ወር ሙታኗ፣ በባዕድ ሱቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። መጠለያው እንዴት እንደ ነበረ፣ ዱቄቱ በምን እንደሚሰፈር፣ ሌሊት ማን እንደሚያለቅስ ማን እንደማያለቅስ፣ ወታደሮቹ የመጡ ቀን ውሃ ለመቅዳት ሄዳ እንደ ነበረና ስትመለስ ጭሱን እንዳየች። በመንገዱ ላይ ልጁ መራመድ እንዳቃተው። ከዚያም እንዲህ አለች፤

«ሲመሽ እታች ወረድንና ልጁ ድንጋይ አስቀመጥሁበት። እኅትህ እንዳታይ ነጠላዬን ጣል አደረግሁባት።»

ቆም አድርጌ ደገምሁት። «ልጁ ድንጋይ አስቀመጥሁበት» የሚባል አነጋገር የለም። ደግሞስ «እኅትህ» ያለችው ለማን ነው? እኔን አይደለም። በመካከል የሆነ ቦታ እኔን ትታ ልጁን ማናገር ጀምራ ኖሯል። ጠጋኙን ጠየቅሁት።

«የተበላው እዚያ ላይ ነው። እንዳይቆራረጥብህ ብዬ ሁለቱን ጫፍ አጋጠምሁልህ» አለኝ።

በቅንነት ነው ያደረገው። ሰው ሙዚቃ ሲያስጠግን የሚፈልገው ይህን ነው። እኔ ግን ወንበሩ የከዳኝ መሰለኝ። የጎደለው ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ሒሳቡን አብረን ሠራን። የስልኩ መቅጃ ድምፅን በሃያ ሚሊ ሴኮንድ እየከፋፈለ፣ እያንዳንዷን ክፋይ ለብቻዋ በ32 ባይት ያኖራል። ስለዚህም ነው መካከሉ ቢጠፋ ዳርና ዳሩ የሚድነው፤ ዶቃው ቢረግፍ የቀረው ዶቃ ዶቃ ነውና። በሴኮንድ 1600 ባይት ይሆናል። 128 ኪሎባይቱን ለዚያ ማካፈል የታሪክ ተማሪም አያቅተውም። 82 ሴኮንድ ያህል ነው። ከ41 ደቂቃ ውስጥ የጠፋው ይህ ብቻ ነው። እናቴ አርባ ዓመት ገደማ የጠበቀችው ግን በእነዚያ 82 ሴኮንዶች ውስጥ ነበር፤ ልጁ የት እንደ ተቀበረ።

በልጅነቴ በቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን በድቁና ሳገለግል አንድ የብራና ዳዊት ነበረን። ከቅጠሎቹ በአንዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ አለች። ቆዳው ሲገፈፍ ቢላዋ ነክቶት ይሆናል፤ በመወጠሪያው ላይ ሲወጠር ቀዳዳው ሰፋ። ቁም ጸሐፊው ብራናውን አልጣለውም። ፊደሉን እስከ ቀዳዳው ጠርዝ አደረሰና ከወዲያ ማዶ ቀጠለ። የኔታ ስናነብ «ዝለላት፤ ቃሉ ከማዶ ይጠብቅሃል» ይሉን ነበር። ስለ ፍላሹ የታመሙ ብሎኮች ስሰማ መጀመሪያ ያሰብሁት ያችን ቀዳዳ ነው፤ ጠጋኙንም ነግሬው ወደደው።

ነገር ግን ሳስበው ምሳሌዬ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ጸሐፊው ቀዳዳዋን ያገኛት ከመጻፉ በፊት ነው፤ አንድም ቃል አልጎደለበትም። የእኔ ጉድጓድ የመጣው ከተጻፈ በኋላ ነው። ይህ ቢላዋ የነካው ሳይሆን አይጥ የበላው ብራና ነው። ያው ዳዊት እንዲህ ያለም ቅጠል ነበረው። ጠርዙን አይጥ በልቶት፣ በኋላ ዘመን የመጣ ሌላ እጅ ወረቀት ለጥፎ የጎደለውን ቃል በሰማያዊ ቢክ ሞልቶበታል። ዳዊት ስለ ሆነ የሚሞላውን ሰውየው በቃሉ ያውቀዋል። ቀለሙም ያጋልጠዋል፤ የጥንቱና የአሁኑ እንደማይመሳሰል ማንም ያያል። እኔስ በምን ልሞላ? በቃሌ የያዝሁት የለም።

ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። «ዋርካ» ያለች ይመስለኛል። ዋርካ ሥር፣ ወንዙ ማዶ። ይህን ካሰብሁ በኋላ ግን ተጠራጠርሁ። ዋርካ ሥር ስለ ተቀበረ ሰው ያላነበብሁት ልብ ወለድ የለም። ከእምዬ አፍ ሰምቼው ይሁን ከመጽሐፍ ያመጣሁት አላውቅም። ያን ዕለት የማውቀው ባትሪው አሥራ ዘጠኝ በመቶ መሆኑን ነው፤ ይህን በሚገባ አስታውሳለሁ።

አንድ የአምስት ኪሎ ወዳጄ በኋላ ይህን ስነግረው «አርባ ደቂቃ ድምፅ ካለህ ምን ቸገረህ?» አለኝ። ዛሬ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ፕሮግራም አለ። «ዋርካ ሥር» የሚለውን በእምዬ ድምፅ፣ ከነትንፋሿ፣ አስነግሮ በመካከል ማስገባት ይቻላል። ዝናቡንም ጭምር ይጨምርልሃል አለኝ። ክፉ ሐሳብ ይዞ አልነበረም። «እናትህ ታርፋለች» ነው ያለው። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ እናቴ ሄዳ ከአንድ ዋርካ ሥር አልቅሳ ትመለስ ነበር። ይህን ሐሳብ ሁለት ሌሊት ተኝቼበታለሁ፤ ጻድቅ መስዬ ለመታየት አልፈልግም። እንዳላደርገው የከለከለኝ ያ በቢክ የተሞላው ቅጠል ነው። እዚያ ቀለሙ ይለያል። እዚህ ግን ከእኔ በቀር የሚለየው አይኖርም፤ እኔም ከጥቂት ዓመት በኋላ እረሳውና ዋርካው እውነት ይሆናል። ቺፑ እንኳ የታመመበትን ቦታ ምልክት ያኖርበታል።

ይህ ወሬ የመጣው ዕረፍቱ ካበቃ በኋላ ነው። በዚያ ቀን በሱቁ ውስጥ ግን የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። ጠጋኙን «ያጋጠምኸውን መልሰህ ለይልኝ። በመካከሉ ዝምታ አድርግልኝ፤ የጎደለውን ያህል» አልሁት።

«ባዶ?»

«ባዶ። ሰማንያ ሁለት ሴኮንድ።»

«ስልኩ የተበላሸ ይመስላታልኮ» አለኝ። ቢሆንም አደረገልኝ። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ በሜሞሪ ካርድ፣ አንዱንም እርሱ ዘንድ ላፕቶፑ ላይ ተውሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ የማይሆን ነገር ነው።

እብናት የገባሁት ቅዳሜ ማታ ነው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ቡና አፈላች። ጎረቤቶቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ከዚያ በመካከሉ ባዶ ቦታ እንዳለና ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ለምንስ ባዶ እንደ ሆነ፣ ስልኩን እያየሁ ዋርካ ይሁን ሌላ እንዳላዳመጥሁ ነገርኋት። «እሺ፣ አስጀምረው» አለችኝ።

ዝምታው ላይ ሲደርስ ደንግጣ ታየኛለች ብዬ ነበር። አላየችኝም። ጀበናው ሥር ያለውን ፍም በጉጠት አንድ በአንድ ትገለብጥ ጀመር። ሰማንያ ሁለት ሴኮንድ ሰው አጠገብ ሲቀመጡበት በጣም ረጅም ነው። ከዚያ «ድንጋይ አስቀመጥሁበት» የሚለው መጣ፤ ቀጥሎም «እኅትህ እንዳታይ ነጠላዬን ጣል አደረግሁባት» የሚለው።

እናቴ ጉጠቱን አስቀመጠች።

«ነጠላውን አስታውሳለሁ» አለችኝ። «ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ከሥሩ ሆኜ የውሃ ድምፅ እሰማ ነበር።»

ከዚያም ከዝምታው መጀመሪያ መልሼ እንዳስጀምረው ጠየቀችኝ።